ሰንበትን እኛ ቤት ይዋሉ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ አባባ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ መደወሉን ትቼ መጻፌ አይግረምዎ። ስለ ሰንበት ባነሳሁ ቁጥር «እሺ ልጄ፣ እናያለን» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው። ይህን ግን መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

በአዘቦት ቀን ሲመጡ ቡና ጠጥተው፣ ልጆቹን መርቀው ይሄዳሉ። ዓርብ ሲሆን ግን ከከተማዎ ከቂርያት ማላኪ ንቅንቅ አይሉም። ባይነግሩኝም ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እኔ ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ሻማ አበራለሁ። አማቴ በሞሮኮዎች ወግ የምትሠራው ዳፊና የሚባል ወጥ ደግሞ ሌሊቱን ፕላታ በሚሉት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ አድሮ ቅዳሜ ቀን ትኩሱን ይቀርባል። እርስዎ «በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ» የሚለውን ኦሪት እንደተጻፈው የሚጠብቁ ሰው ነዎት። ጎንደር፣ በቤተ እስራኤሎቹ መንደር በአምቦበር ሳለን እማማ ነፍሷን ይማረውና ዓርብ ምድጃውን አጥፍታ፣ ወንዝ ወርዳ ታጥባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ነበር ሰንበትን የምትቀበለው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጨለማ፣ ምግቡ ቀዝቃዛ ነው። ማንም ጎደለብኝ ብሎ አያውቅም።

በፈረንጆቹ 1985 እዚህ እስራኤል ገብተን አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባ፣ አንድ አስተማሪ የቅዳሜ ምሳዬን በብርዱ ስበላ አይቶ «ትኩስ ምግብ የሰንበት ክብር ነው» ብሎ ተቆጣኝ። ለምን ያን ያህል እንደከነከነው የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ ሳነብ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በባቢሎን በኩል ቀራኢም የሚባሉ አይሁድ ተነሥተው «ከተጻፈው ኦሪት ሌላ የራቢዎችን፣ የሃይማኖት መምህራኑን፣ የቃል ትምህርት አንቀበልም» አሉ። ብዙዎቹ ሰንበትን በጨለማ ተቀምጠው፣ ቀዝቃዛ በልተው ይውሉ ነበር። ራቢዎቹም በፊናቸው አጠበቁ። ከሰንበት በፊት ባርኮ ሻማ ማብራትና አስቀድሞ በተለኮሰ እሳት የቆየ ትኩስ ምግብ መብላት «እኔ ከነዚያ አይደለሁም» የማለት ያህል ሆነ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ራቢ ዘራህያ ሃሌዊማ ትኩስ የማይበላ ሰው ሃይማኖቱ ይመርመር እስከማለት ደርሰዋል!

እኛ በዚያ ጠብ ውስጥ መቼ ነበርን አባባ? የራቢዎቹ ትምህርት የተጻፈበት ታልሙድ ወገራ አልደረሰ። ቄሶቻችን ከማንም ሳይከራከሩ ኦሪቱን በግዕዝ አነበቡ፤ እሳት አታንድዱ ሲል አጠፉ። አስተማሪው እኔን ሲቆጣ የሚሟገተው ከሌላ ሰው ጋር ነበር። እኔ በበኩሌ የእኛ አባቶች ትክክል ነበሩ እላለሁ። የባለቤቴ አያቶችም ቢሆኑ በዘፈቀደ አላደረጉትም። ፕላታው የሚሰካው ከሰንበት በፊት ነው፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ማንም አይነካውም። ሻማ ማብራቴም የእማማን ሰንበት መናቅ እንዳይመስልዎ። በየሳምንቱ ሳበራ የምጸልየው በእሷ ስም ነው።

እንግዲህ ያሰብኩትን ልንገርዎ። ትንሹን ክፍል ለእርስዎ አዘጋጅቻለሁ፤ መብራቱን ዓርብ ከሰዓት አጠፋዋለሁ፣ በራሱ የሚበራ ነገርም የለበትም። ዳቦውን ራሴ እጋግራለሁ። ምግብዎ ፕላታው አጠገብ አይደርስም፣ ቀዝቅዞ ለብቻው ይቀርብልዎታል። ዶሮ ወጡ ግን በዘይት ነው፤ እኛ ቤት ቅቤ ከሥጋ ጋር አይገባም። ይህቺን ይታገሡኝ። ሊፍቱ በሰንበት በየፎቁ ራሱ እየቆመ ይሄዳል፤ እርስዎ እንደማይገቡበት አውቃለሁ፣ አራት ፎቅ በእግር ውጡ ለማለትም አልደፍርም። ስለዚህ ሰንበት ሳይደርስ እንግባና ጸሎቱን እኛው ቤት ያድርሱ።

ይህን የምለው ለጉልበትዎ ብቻ ብዬ አይደለም። ትንሹ ልጄ ዓርብ ማታ ምኩራብ ሄዶ፣ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ሲቀበል አይቶ መጣ። «አያትህ ዘንድም ሰንበት ሴት ናት፤ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ስለ ሰው ትለምናለች» አልኩት። አላመነኝም! በመጽሐፋችን በትእዛዘ ሰንበት እንዳለ እርስዎ ይንገሩት። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው በዜማ ሲጀምሩም ይስማ። በስልክ የተቀዳ አሰማሁት፤ ግማሹን ሳይሰማ ሄደ። ሰው ፊት ለፊት ሲያዜም ሌላ ነው።

አማቴም ትኖራለች። ዳፊናውን ቅመሱ ብላ መጨቅጨቋ አይቀርም፤ አትጨቅጭቂኝ አይበሏት፣ «ሰንበት ሲወጣ እቀምሳለሁ» ይበሏት፣ ይበቃታል።

ሐሙስ ከሰዓት በመኪና መጥቼ እወስድዎታለሁ። የስኳር መድኃኒትዎንና ጋቢዎን ይያዙ፤ አሽዶድ የባሕሩ ነፋስ ማታ ማታ ይበርዳል። እሑድ ጠዋት እመልስዎታለሁ፤ ካልተመቸዎት ቅዳሜ ሰንበት እንደወጣ እንሄዳለን። እሺም ሆነ እንቢ፣ እባክዎ እስከ ረቡዕ ቁርጡን ይንገሩኝ።

ልጅዎ