የአውቶ መካኒክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሁለት ሚሊ ሜትር

ሌሎቹ ክበባት ስንት ችግኝ እንደተከሉና ስንት ጊዜ መድረክ ላይ እንደወጡ ይዘግባሉ። የእኛ ክበብ ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ መኪና ነው። ስለዚህ ዘገባውም የመኪናው ነው፤ የአባላት ዝርዝር የፈለገ የክበቡ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል።

መኪናው ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ይባላል፤ ሁለት በር፣ ጣራው ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1966 እ.ኤ.አ. በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ የታየ ሲሆን ቅርጹን ያወጣው የፒኒንፋሪና የንድፍ ቤት ነው። የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን አያት ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ይዘውታል። ኅዳር ላይ ራሳቸው እየነዱ ግቢ አስገቡትና፣ «በሉ ልጆቼ፣ ተማሩበት። እኔ እንደሆነ ሰልችቶኛል» አሉን። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባባ» ነው የሚሏቸው፤ እኔ መምህራቸውም ተከተልኩ።

አባባ ሕመሙን እንደ ሐኪም ቤት ታማሚ ዘረዘሩልን። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ መሪው ይርገበገባል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ፍሬኑ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ግራ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ የፊት ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ይህ ሁሉ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት የድሮዎቹን ባለ 13 ኢንች ቸርኬዎች አውጥተው የሚያብረቀርቁ ባለ 14 ኢንች አሉሚኒየም ቸርኬዎች ካስገጠሙ በኋላ ነው። የገጠመላቸው ማን እንደሆነ ይቅር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሰምቼ ሳልጨርስ «የፍሬኑ ዲስክ ተጣሟል» ብዬ ፈረድኩ። የፊት ዲስኮቹን አስፈትቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኳቸው፤ ተላጡ፤ መልሰን ገጠምን። መሪው እንደ ቀድሞው ተንቀጠቀጠ። ዲስክ ሲጣመም ንዝረቱ በይበልጥ የሚሰማው ፍሬን ሲያዝ ነው፤ ፍሬን ሳይነካ መሪው የሚርገበገብ ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ጎማና ቸርኬው ነው። ይህንን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ። ዲስኮቹ ያለ ጥፋታቸው ሳሱ።

መንገዱን የከፈተችው የክበቡ ፀሐፊ ናት። «ቲቸር፣ ስኮርታው የድሮው ቸርኬ አይደል እንዴ? ለምን አንሞክረውም?» አለች። እውነትም የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው ትርፍ ጎማ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የብረት ቸርኬ ላይ ነው። የፊት ግራውን አውጥተን እሱን አሰርን። አባባ ነድተው ተመለሱና፣ «ግማሹ ሄደ» አሉ። በቀኝ በኩል ስንሞክረውም እንደዚያው። ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞውም ዲስኩም እዚያው እያሉ ንዝረቱ ከቀነሰ፣ ጥፋቱ የወጣው ቸርኬ ነው ማለት ነው።

ከዚያ መለካት ጀመርን። አራት ቀዳዳ ያለውን ቸርኬ መለካት ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት ከሚተያዩት ሁለት ቀዳዳዎች ከአንዱ የውስጥ ጠርዝ እስከ ሌላው የውጭ ጠርዝ ከተለካ ከመሀል እስከ መሀል ያለው ርቀት ይገኛል። (መለኪያውም ካሊፐር፣ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው የፍሬን ዕቃም ካሊፐር ስለሚባል «ካሊፐሩን አቀብለኝ» ባልኩ ቁጥር ምን እንደሚመጣልኝ አላውቅም ነበር።) የብረቱ ቸርኬ 98 ሚሊ ሜትር፤ አሉሚኒየሙ 100።

ልጆቹ ሳቁ። ሁለት ሚሊ ሜትር! ግን ብሎኑ የሚቀመጥበት ሾጣጣ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቦታው አንድ ሚሊ ሜትር ሲወጣ የብሎኑ ሾጣጣ በአንድ ጎኑ ብቻ ይነካል። ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልተቀመጠም፤ ቸርኬውም ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ብሎኑም በመንገድ ላይ ይላላል። በዚያ ላይ የሞዞው አንገት 58 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአሉሚኒየሙ የመሀል ቀዳዳ 73 ነው፤ ቸርኬውን መሀል ላይ የሚይዘው ቀለበት የለም። 98 እና 100ን ለማስታረቅ ተብለው የሚሠሩ፣ ሾጣጣ ቀለበታቸው የሚንቀሳቀስ ብሎኖች አሉ፤ ይህን ያህል ለሚዋልል ቸርኬ ግን ልመክራቸው አልደፈርኩም።

የባሰውን ያገኘነው ብሎኖቹን ስንፈታ ነው። ባለ 14ቱ ቸርኬ የፍሬኑን ካሊፐር ስለነካ፣ ገጣሚው በቸርኬውና በሞዞው መካከል ሮንዴላ ደርድሮ ወደ ውጭ ገፍቶታል። ፓራፋንጎው የሚፋቀው ለዚህ ነው። ብሎኖቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ አልረዘሙም። አንዱን ልጅ ሲፈታ ዙሩን ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አደረግሁ፤ በአራተኛው ዙር ብሎኑ እጁ ላይ ወደቀ። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የክሩ እርምጃ (በአንድ ዙር የሚገባው) 1.25 የሆነ ብሎን ቢያንስ የውፍረቱን ያህል መግባት አለበት ብንል፣ ዘጠኝና አሥር ዙር ነው። አባባ በዚህ ወደ ደብረ ዘይት ይመላለሱ ነበር! ከአሥራ ስድስቱ ብሎኖች ሦስቱ ደግሞ ባለ 1.5 ክር ሆነው ተገኙ፤ በጉልበት ገብተው የአንዱን ሞዞ ክር በልተውታል። በክር ማውጫ አድሰነዋል።

አሁን ባለ 98 ቸርኬ ከየት ይምጣ? መልሱ በየታክሲ ተራው ቆሞ ነበር። ላዳ ማለት በፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ የተሠራ መኪና ነው። ሩሲያውያኑ ለመንገዳቸው ሲሉ ብዙ ነገር ቀይረዋል፤ የኋላውን ዲስክ ፍሬን እንኳ አውጥተው ታምቡር አድርገዋል። የቸርኬው 4 በ98 (አራት ቀዳዳ፣ 98 ሚሊ ሜትር) እና የብሎኑ ክር ግን አልተነኩም። የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደን አምስት መርጠን አራት ገዛን፤ አንዱ ሲሽከረከር ይወላገድ ነበር። ለካሊፐሩ ይበቃ እንደሆነ ያረጋገጥነው ካሊፐሩ ላይ ሊጥ ለጥፈን ቸርኬውን በእጅ በማዞር ነው፤ ሊጡ አልተነካም። በነገራችን ላይ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። መኪናው በገዛ ቋንቋው ሲታከም ነው የከረመው።

የፍሬኑ እንቆቅልሽ ከሁሉ የጣፈጠኝ ነው። ሲያዝ ወደ ቀኝ፣ ሲለቀቅ ወደ ግራ፤ ልጆቹ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ብለው ለሁለት ተከፈሉ። መኪናውን ክሪክ ላይ አውጥተን ፍሬን ይዘን ስንለቅ የቀኙ ጎማ ወዲያው ዞረ፤ የግራው እንደታነቀ ቀረ። የግራውን ካሊፐር የአየር ማስወጫ ብሎን በትንሹ ስንከፍተው ዘይቱ ፊጭ አለና ጎማው ተለቀቀ። ፒስተኑ ዝጎ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ብሎኑ ቢከፈትም አይላቀቅም ነበር። ቀጥለን ሌላ ጊዜ ሲታነቅ ላስቲኩ ቱቦ ከብረቱ ቱቦ የሚገናኝበትን አላላን፤ አሁን ጎማው አልተለቀቀም። ግፊቱ የታሰረው ላስቲኩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከውጭ ደህና የሚመስለው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ጠቧል፤ ዘይቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ስለዚህ ቀኙ ቀድሞ ይይዛል፤ ዘግይቶም ይወጣል፣ ስለዚህ ግራው ይጎትታል። አንድ በሽታ ነው። አዲስ ቱቦ የአባባ ልጅ ከጣሊያን እስክትልክ ድረስ ፋሲካ አለፈ።

የኋላው ፍሬን ላይ አጭር ማስጠንቀቂያ፦ የዚህ መኪና የኋላ ካሊፐር ፒስተን በመጫን አይመለስም፤ የእጅ ፍሬኑ እሱ ላይ ስለሚሠራ እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው። ከእኛ በፊት አንድ ሰው በሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ በሚይዝ መሣሪያ) ሊያስገባው ታግሎ ጠርዙን ሰብሮታል። እኛ የፍሬን ሸራ ስንቀይር አዙረን አስገባነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አባባ ወደ ቃሊቲ ነዱትና ተመልሰው መሪውን በአንድ ጣታቸው ይዘው በበሩ ገቡ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔ ወርጄ ብሎኖቹን በቶርክ መፍቻ ደግሜ አጠበቅሁ። የጎማዎቹ አላይመንት (አሰላለፍ) ገና አልተሠራም። የተዋስነው ዲያል ጌጅም (ጥቃቅን መወላገድ መለኪያው) ለባለቤቱ አልተመለሰም፤ ሐምሌ ሳይገባ እመልሳለሁ።

አራቱ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ክበቡ ክፍል ጥግ ላይ ተደርድረዋል። አባባ «ሸጣችሁ መፍቻ ግዙበት» ብለውን ነበር፤ ነገር ግን የብሎን መቀመጫቸው ተበልቷል፣ ለማንም አንሸጥም። ፀሐፊያችን እያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም «100» ብላ በትልቁ ጽፋባቸዋለች።