ውሻ ይዛችሁ ወደ ኮረብታው ስትወጡ ገመዱ አይፈታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዕረፍት ቀን ጠዋት ወደ ጎሃ፣ ወደ ቁስቋምና ወደ ወለቃ በእግሩ ከሚወጣው የጎንደር ነዋሪ መካከል ውሻውን የሚያስከትል አለ። ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ቀን ከሌት በሰንሰለት የሚኖር ውሻ ጠባዩ ይበላሻል፣ ሰውም ይናከሳል። የሚያሳዝነው አንዳንድ ባለቤቶች ከአስፋልቱ ወጣ እንዳሉ ገመዱን መፍታታቸው ነው።

ከከተማው ጫፍ በኋላ ያለው የሰው ማሳና የሰው ከብት ነው። በግ ከበረገገ ይሮጣል፤ የሚሮጥ በግ ደግሞ ገራም የተባለውን ውሻ ሳይቀር ለአደን ያነሳሳል። ያረገዘች በግ እንዲህ ከተባረረች ልትጨነግፍ ትችላለች። እረኛው ድንጋይ ቢያነሳ ንብረቱን እየጠበቀ ነውና አይፈረድበትም። ስለዚህ ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆን ሰፋ ያለ ጠፍር ያዙ። ቀጭን የናይለን ገመድ እጅ ይልጣል። ጫፉን አንጓችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ ውሻው በድንገት ሲዘል አንጓ ያወልቃል። የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ከዚያ ከላላ ወደ ኋላ ሲጎትት በጭንቅላቱ በኩል ይወልቃል። ዳገት ለሚበዛበት መንገድ ደረት ላይ የሚታሰረው ይመረጣል፤ ጉሮሮ አያንቅም።

የገበሬ ቤት ስትቃረቡ ከሩቁ «ውሻ ያዙ!» በሉ። የቀዬው ውሻ ከቀደመ አትሩጡ፤ የራሳችሁን ውሻ አሳጥራችሁ ይዛችሁ ቁሙ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፤ አብዛኛው ያፈገፍጋል። ቤተ ክርስቲያን ካለ ከቅጥሩ ራቅ ብላችሁ እለፉ፤ ለመሳለም የሚፈልግ ውሻውን ለጓደኛው ያስይዝ። አንገረብ ግድብ ዳር ደግሞ ውሻ አይዋኝ፣ አይጸዳዳም፤ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ እስከ 3 ሰዓት ብትመለሱ ጥሩ ነው። ከሰዓት ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ፤ ሲመሽ ግን ጅብ ስላለ ቀድማችሁ ግቡ። ከመውጣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ ኮብልስቶኑ ላይ 7 ሰከንድ አሳርፉት፤ እናንተን ካቃጠለ የእሱንም መዳፍ ያቃጥላል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ለሁለት ሰዓት መንገድ ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ያዙ፤ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ስጡት። ምግቡን ከመንገዱ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይብላ።

ማለክለኩ ካልቆመ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ድዱ ደም ከመሰለና ከተንገዳገደ ሙቀት መቶታል። ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ሆዱን፣ ብብቱንና የጭኑን ውስጥ በውሃ አርጥቡ፣ አራግቡለት። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ አትተዉት፤ ጨርቁ ቶሎ ስለሚሞቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም።

በክረምት ችግሩ ሌላ ነው። የዋልካ ጭቃ በመዳፉ ጣቶች መካከል ገብቶ ሲደርቅ እንደ ጠጠር ይጠነክራል፤ ውሻው ማነከስ ሲጀምር ሰው እሾህ የወጋው ይመስለዋል። ጭቃውን በጣት ፈልቅቃችሁ አታውጡ፣ ቆዳውን ይልጠዋል፤ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሟሙት። ለእሾህና ለመዥገር ወረንጦ ያዙ። መዥገሩን ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ነጭ ጋዝ አትቀቡት። በበጋ ኩሬና የደከመ ምንጭ ውስጥ አልቅት አለ። ሲጠጣ ገብቶ አፍንጫው ወይም ምላሱ ሥር ይጣበቃል፤ ከቀናት በኋላ በአንድ ወገን አፍንጫ ደም ሲንጠባጠብ ወይም ደም የቀላቀለ ለሃጭ ሲታይ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ክትባት ያልወሰደ ውሻ ለእግር ጉዞ አይውጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ አራት ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ተከትቦ ነገ መንገድ መውጣት ዋጋ የለውም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረስ። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ክትባቱን እንዳያቋርጥ እለምናለሁ። የነከሰው ውሻ ከታወቀ ወዲያው አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

ራቅ ብለው ለሚሄዱ፦ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ኮሶዬ ለውሻ የሚመች ቦታ ነው፤ ገደሉ ጠርዝ ላይ ግን ጠፍሩ እጥር ይበል። ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ውሻ፣ የተከተበም ቢሆን፣ አታስገቡ። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት በአገሪቱ ሁሉ ተደምረው 500 አይሞሉም። የሚፈጃቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለ ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል። ቀበሮው በመንጋ ስለሚኖር አንዱ ሲያዝ ሌሎቹ ይከተላሉ። ከውሻ ጋር ተዳቅሎ ዘሩ የተቀላቀለበትም ጊዜ አለ። አንድ ቀን የሚፈጅ ደስታ ለዚህ ሁሉ አደጋ አይበቃም፤ ወደ ፓርኩ መግቢያ ከተማ ወደ ደባርቅ የምትሄዱ ውሻችሁን ለጎረቤት አደራ ስጡ።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲኖር ቀኑን፣ ቀበሌውንና ሰዓቱን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አትሙልን። ለመከተብ ፈቃደኛ ሆኖ ቀኑን ሳይሰማ የሚያልፈው ብዙ ነው።

አንድ የእንስሳት ሐኪም
ከጎንደር