ቦርሳዬ ይፈተሽ፣ ስልኬ ግን በሕግ ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ብሔራዊ ደህንነትና ስለ ግል ሕይወት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ትልልቁ ነገር ነው። የስለላ ሶፍትዌር፣ የስልክ ጠለፋ፣ ምናምን። ይጻፍ፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ኬላ ነው፤ እዚህ ወሎ ውስጥ ስልክ የሚበረበረው በእጅ ነውና።

ከደሴ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ያውቀዋል። ሚኒባሱ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ መታወቂያ ይታያል፣ ቦርሳ ይከፈታል። እስከዚህ ምንም አይደል። ቀጥሎ «ስልክህን ክፈት» ይመጣል። ከዚያ ፎቶው፣ ቴሌግራሙ፣ ማን እንደደወለልህ ሁሉ ይገላበጣል። በቅርቡ አብሮኝ የተሳፈረ ልጅ የእህቱን የኒካህ ፎቶዎች ቆሞ ሲያስመለክት አየሁ። ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ እርስ በርሳቸው፣ ያለ ሻሽ የተነሱት ነው። ፈታሹ ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንዲያውም «አብሽር፣ አብሽር» እያለ ነው የሚያገላብጠው። ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ቦታውን አልጠራም፣ የአንድ ኬላ ጉዳይ አይደለምና።

«የሚደብቀው ነገር የሌለው ምን አስፈራው?» የሚሉ አሉ። እኔ የምደብቀው የለኝም እንበል። ስልኬ ውስጥ ያሉት ሰዎችስ? የታመመች ዘመዴ የላከችልኝ የምርመራ ውጤት አለ። የባንክ መልእክት አለ፣ ቀሪ ሂሳቡ ከነሳንቲሙ። ብር ይዞ ሸቀጥ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ ያ ቁጥር በማያውቀው ሰው ፊት መንገድ ላይ ሲነበብበት ቀሪውን መንገድ እንዴት እንደሚሄድ እሱ ይንገራችሁ።

ፍተሻ አያስፈልግም ያለ ሰው ደሴን አያውቅም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገብቶ ምን እንዳደረገን አይተናል። ስለዚህ ቦርሳ ይፈተሽ፣ ጭነት ይውረድ፣ ዝናብም ቢሆን እቆማለሁ። ከጆንያ ሥር መሣሪያ ይገኝ ይሆናል። ከኒካህ ፎቶ ሥር ምን ሊገኝ ነው?

ደግሞ ነገሩ ሥራውን እንኳ በቅጡ አይሠራም። በእርግጥ የሚደብቀው ያለው ሰው ኬላ ከመድረሱ በፊት ሁሉንም አጥፍቶ፣ ወይ ስማርት ያልሆነ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚያዘው ምስኪኑ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ ከገባህ፣ ማስተካከያውን ካልነካካኸው በቀር፣ የሚለጠፈው ፎቶ በራሱ እየወረደ ስልክህ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንተ አይተኸውም ላታውቅ ትችላለህ፤ ከዚያ ኬላ ላይ «ይሄ ምንድነው?» ስትባል ምን ብለህ ታስረዳለህ?

ወደ ሕጉ ስንመጣ ጭራሽ ይገርማል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን ቤት፣ አካልና ንብረት ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚላላከውንም ይጠብቃል። ገደብ ሊኖር የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ነው። ጥብቅ ነው ብለን የምናማው የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ እንኳ መርማሪ የሰው ግንኙነት ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያውጣ ይላል። አስቸኳይ ሲሆን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ትእዛዝ ሊፈቅድ ይችላል፣ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ማቅረብ አለበት። እንግዲህ የአገሪቱ ትልቅ የሕግ ሹም በ48 ሰዓት መልስ ይስጥ ከተባለ፣ ኬላ ላይ ያለው ወጣት ፈታሽ ለማን ነው መልስ የሚሰጠው? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር እንዳይባል፣ ሐምሌ 2015 የታወጀው በ2016 ጊዜው አልፏል። አዋጁ ሄደ፣ ልማዱ ቀረ። በዚያው በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። ኬላው ወሬውን የሰማ አይመስልም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በአንድ ሰው ላይ ጥርጣሬ ካለ ምክንያቱ ይነገረው፣ ስልኩ በመዝገብ ተይዞ ፍርድ ቤት ይጠየቅበት። የሴት ስልክ በትእዛዝ የሚታይ ከሆነም ሴት ትየው። ፈታሹ ስሙ ወይም ቁጥሩ ደረቱ ላይ ይታይ፣ አቤት የሚባልበት ስልክም ኬላው ላይ በትልቁ ይለጠፍ።

እናንተም የጸጥታ ኃላፊዎችን ስታገኙ ይህችን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ኬላ ላይ የመንገደኛ ስልክ የሚከፈተው በየትኛው ሕግ፣ በስንተኛው አንቀጽ ነው? መልሱን ቁጥሩን ጠቅሳችሁ አትሙልን። እኔ ቆርጬ ኪሴ ውስጥ እይዘዋለሁ፣ ሚኒባሱ ሲቆም ያስፈልገኛል።

አንባቢያችሁ
ከደሴ