ለጥቅምቱ የአውሮፓ ጉዞ፦ ሻንጣዎ ውስጥ ምን ይግባ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ቪዛው ከወጣ ወዲህ ስልካችን እረፍት የለውም። ምን ልያዝ? ምን ልልበስ? ከሁሉም የሚበዛው ግን ቅሬታ ነው። «አየር መንገዱ ሁለት ሻንጣ እየፈቀደልኝ እናንተ ለምን አንድ ብቻ አላችሁ?» ይሉናል። ቅሬታው ይገባናል። ችግሩ ከአውሮፕላኑ ከወረዱ በኋላ ሻንጣውን የሚሸከሙት እርስዎ ራስዎ መሆንዎ ነው።

ቬኒስን ብቻ ይውሰዱ። መሀል ከተማዋ መኪና አይገባም። አውቶቡሳችን ፒያሳሌ ሮማ የሚባል አደባባይ ላይ ያወርደናል። ከዚያ በጀልባ ነው። ከጀልባው ወርደን ሆቴሉ እስክንደርስ ደግሞ ድልድይ መሻገር አለ። ከተማዋ ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፤ አብዛኞቹ ባለ ደረጃ ናቸው። ደረጃ ላይ የሻንጣ ጎማ ምንም አይሠራም። ሸካሚ ይገኛል፤ ዋጋውን ሲሰሙ ግን ራስዎ መሸከሙን ይመርጣሉ። ፍሎረንስና ፓሪስ ያሉት አሮጌ ሆቴሎችም ሊፍታቸው ጠባብ ነው፤ አንድ ሰውና አንድ ሻንጣ ከገቡ ሞላ።

ስለዚህ አንድ መካከለኛ ሻንጣ፣ ሞልቶ ከ15 ኪሎ ያልበለጠ፣ በተጨማሪም አንድ የትከሻ ቦርሳ። ሻንጣውን ከዘጉ በኋላ ይዘውት አንድ ፎቅ ደረጃ ይውጡ። ካለከለኩ የሆነ ነገር ያውጡ።

እዚህ ላይ የመልእክት ነገር ይነሳል። ሮም ወይም ፓሪስ ዘመድ የሌለው ማን አለ? «ለእህቴ ትንሽ ነገር» ተብሎ የተጀመረው መጨረሻ ላይ ግማሽ ሻንጣ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከእኛ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ቋንጣ፣ አይብና ቅቤ ማለት ነው። «የነጠረ እኮ ነው» ቢሉም ቅቤ ቅቤ ነው፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ውስጡን ያላዩትን ካርቶን ደግሞ የሰጠዎት አክስትዎ ቢሆኑም እንኳ አይቀበሉ። ኤርፖርት ላይ «የማን ነው?» ሲባል መልሱ «የኔ ነው» ብቻ መሆን አለበት።

ጫማ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዞውን የሚያበላሸው እሱ ነውና። የሮም መሀል ከተማ መንገድ ብዙው አስፋልት አይደለም። ሳምፒየትሪኒ የሚባሉ ጥቁር ድንጋዮች ናቸው የተነጠፉት፤ ዳርና ዳራቸው ያልተስተካከለ፣ ዝናብ ሲነካቸው የሚያንሸራትቱ። በመሀላቸው ያለው ክፍተት ለታኮ ጫማ ወጥመድ ነው። በዚያ ላይ በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር የምንሄድባቸው ቀናት አሉ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ የጨረሰበትን የቆስጠንጢኖስ ቅስት እናሳይዎታለን። እርስዎ ግን አበበ አይደሉምና ጫማ ያድርጉ። ለጉዞው ብለው አዲስ ገዝተው ከሆነ ዛሬውኑ ማድረግ ይጀምሩ፤ ገበያም ሥራም ይሂዱበት። ካልለመደ ጫማ ጋር ሮም ከደረሱ ኮሎሲየሙን ሳይሆን ተረከዝዎን ሲያዩ ነው የሚውሉት። ለክፍል ውስጥ ደግሞ ነጠላ ጫማ አይርሱ፤ እንደ አገራችን ሆቴል አልጋ ሥር ተዘጋጅቶ አይጠብቅዎትም።

ቫቲካን የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገባም። ወንዶችም በቁምጣ አይገቡም። ረጅም ሰልፍ ጠብቀው በር ላይ እንዳይመለሱ ሴቶች ነጠላ በቦርሳ ይያዙ። ነጠላ ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ትከሻም ይሸፍናል፣ አውቶቡስ ውስጥም ያሞቃል። ጫማ ግን አያስወልቁም፤ ከልማድ የተነሳ በር ላይ የሚያወልቅ እንዳይኖር ነው።

አየሩን በተመለከተ፣ በጥቅምት ሮም ቀኑ ሞቅ ያለ ነው፣ ምሽቱ ሹራብ ይፈልጋል፣ ዝናብም አለ። ፓሪስ ይበርዳል። ስዊዘርላንድ ላይ ዩንግፍራዮክ የምንወጣበት ባቡር የሚያደርሰን 3,454 ሜትር ላይ ነው። የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፍታው ለአዲስ አበባ ሰው ብዙም ብርቅ አይደለም። ብርዱ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና የፀሐይ መነጽር ይያዙ፤ በረዶው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ዓይን ያስለቅሳል። ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ካናቴራ፣ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ደራርበው ይልበሱ። ሲሞቅ አንዱን ያወልቃሉ። ጋቢ እንያዝ ወይ ለምትሉ፣ ሙቀቱን ማን ይክዳል? ግን የሻንጣውን ግማሽ ይበላል፣ ከረጠበም በማግሥቱ አይደርቅም። እኛ ብንሆን ቤት እንተወዋለን።

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሸሚዝ አያስፈልግም። ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ይምረጡ፤ ማታ አጥበው ጠዋት ይለብሱታል። ካውያም ይቅር።

ኤሌክትሪኩ እንደ እኛው ነው። ባለ ሁለት ክብ እግር ቀጭን የስልክ ቻርጀር በምንሄድባቸው ሦስቱም አገሮች፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ይሠራል። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ግን አዳፕተር ይፈልጋል። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ ተጭኖ በሚሄደው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። መድኃኒት የሚወስዱም ከነማዘዣው በእጅ ይያዙት። ሽቶና ሎሽን በእጅ ከሆነ እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ።

ባዶ ሃይላንድ ይያዙ። ሮም መንገድ ላይ ቀን ከሌት የሚፈስ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ሞልቷል፤ እየቀዱ መጠጣት ነው። የመጸዳጃ ቤት ሳንቲምም ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ብዙ ቦታ አንድ ዩሮ ገደማ ያስከፍላሉ። ጣሊያን ሆቴሎች ውስጥ ቢዴ፣ ማለትም ከተጸዳዱ በኋላ በውሃ መታጠቢያ ያገኛሉ። ፓሪስ ላይ ግን ብዙም ስለማይገኝ ውሃ የለመደ ሰው ትንሽ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ቢይዝ አይቆጨውም።

ሮም ባቡር ጣቢያና ፓሪስ ሜትሮ ውስጥ ኪስ አውላቂ አለ። በደንብ የለበሱ ወጣቶች ናቸው፤ አይጠረጠሩም። ቦርሳዎን በደረት በኩል ያንጠልጥሉ። የፓስፖርትዎን ኮፒ ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጡ። የወርቅ ሐብልዎ አዲስ አበባ ይቆይ።

ከመብረራችን በፊት ባለው ሳምንት ሻንጣዎን ቢሯችን አምጥተው መመዘን ይችላሉ። ሚዛኑ መግቢያው በር ጋ ነው። ጾም የምትጾሙ፣ ረቡዕና ዓርብ ያለ አይብና ያለ ሥጋ እንድናዝዝላችሁ ሻንጣ ለማስመዘን በመጣችሁበት ቀን አስመዝግቡን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ዝግጅት ክፍል