ወሬው ይቀድማል፣ ዋጋው ይከተላል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እኛ ጎንደር ጥይት ሊወደድ ሲል ቀድሞ የሚመጣው ወሬ ነው። «መንገድ ሊዘጋ ነው»፣ «መሣሪያ ሊለቀም ነው»፣ «ከእንግዲህ አንድ ፍሬ አይገኝም» ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም። ወሬው ከፒያሳ አዘዞ ሳይደርስ ደላላው ያለውን ይደብቃል። በማግስቱ ዋጋው ሌላ ነው። ሰውም «ነገ ይብሳል» እያለ ይበልጥ ይሻማል።

ስጋቱን አልንቅም። ሌሊቱን ተኩስ ሲሰማ ያደረ አባወራ ቤቴን ልጠብቅ ቢል አይፈረድበትም። መሣሪያም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ መገበያያ ነበር።

ያንገበገበኝ ግን የአንድ ገበሬ ዘመዴ ነገር ነው። ወሬውን ሰምቶ የእርሻ በሬውን ሸጠ። በብሩ ጥይት ገዝቶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ እኛ ቤት አመጣው። መደቡ ላይ ሲዘረግፈው ብዙው ቀለህ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። እርጥበት የገባው ጥይት ደግሞ ይከሽፋል። ክረምቱ ሲገባ በሬ ተውሶ አረሰ።

ማንን ይክሰስ? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ በመሣሪያና በጥይት መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ደረሰኝ የለም። የተለጠፈ ዋጋም የለም። ዘይት የደበቀ ነጋዴ ካለ ንግድ ቢሮ ሄደን እንጮሃለን። ጥይት የደበቀውን እንክሰስ ብንል ግን መጀመሪያ የምንጋለጠው እኛው ነን። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ገበያውን እንዳሻው የሚያደርገውም ለዚህ ነው።

ደግሞ በዚህ ዋጋ የተገዛው ጥይት የት ይሄዳል? ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ለቅሶ ላይም እንደዚያው። የወጣችው ጥይት ተመልሳ የምትወድቀው ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። ባዶ የቀረውን ዝናር ለመሙላት ደግሞ እዚያው ደላላ ዘንድ ይኬዳል። ወሬ ባይኖር እንኳ ገበያውን የምናሟሙቅለት እኛው ነን።

የፀጥታ ቢሮዎች ወሬ ሲነሳ ዝም አይበሉ። እውነት ከሆነ እውነት፣ ሐሰት ከሆነ ሐሰት ብለው በዚያው ቀን ይንገሩን። ዝምታቸው ለደላላው ሲሳይ ነው። የየሰፈሩ የእድር ዳኞችም በሰርግና በለቅሶ መተኮስን በሚቀጥለው ስብሰባ በደንባቸው ይከልክሉ። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር