ስምንተኛው ዓመት ላልመጣላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቅርቡ በሃይማኖት አምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው፣ ዓመታት ያለ ዕድገት ያሳለፈ አገልጋይ «በእርግጥ ተጠርቼ ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ የእርሳቸው ምክር አላስፈለገኝም፤ 9 ዓመት ሙሉ ስጠይቀው ኖሬአለሁ። ብዕር ያነሣሁት መልሱን ቸኩለው የሰጡት ስለመሰለኝ ነው።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአንድ ማረሚያ ቤት ከታራሚዎች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ። ስጀምር 14 ሰዎች ይቀመጡ ነበር። ዛሬ 5 ናቸው። ከእነርሱም አንዱ የሚመጣው ከክፍሉ ለመውጣት ያህል ነው፤ ሌላው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ የመክፈቻው ጸሎት ሳያልቅ ያንቀላፋሉ። የቀሩት ወይ ተፈትተዋል፣ ወይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ሌላው ገበሬ የዘራው ባይበቅል እንኳ ማሳውን ሄዶ ያያል፤ የእኔ ማሳ ግን ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል።

የላከችኝ አጥቢያ በየሦስት ወሩ ቅጽ ትሰጠኛለች። ስንት ሰው አመነ? ስንት ተጠመቀ? ስንት አዲስ ተከታታይ ተገኘ? ከግርጌው «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ዕድሜዬን በቁጥር መካከል የጨረስሁ ሰው ነኝና ቅጹን አልጠላውም፤ ሪፖርት የማይጠየቅ አገልጋይ ቶሎ ይበላሻል። ነገር ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ መጻፍ ሰውን ያሳንሳል። አንድ ጊዜ ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ እያለ «ረሳሁት» ብያለሁ። አልረሳሁትም ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ሰዎች የሚያጽናኑኝ በሚሲዮናዊው በዊልያም ኬሪ ነው። ጫማ ሰፊ የነበረው ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1793 ሕንድ ደርሶ ክሪሽና ፓል የተባለውን የመጀመሪያውን አማኝ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ አዶኒራም ጀድሰንም በ1813 በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ገብቶ የመጀመሪያውን ሰው ለማጥመቅ 6 ዓመት ፈጅቶበታል። ታሪኮቹ እውነት ናቸው፤ እኔም እወድዳቸዋለሁ። ይሁንና የኬሪን ሰባት ዓመት የምንተርከው ስምንተኛው ስለመጣ ነው። ባይመጣ ኖሮ ማን ስሙን ያነሣው ነበር? እንግዲህ ይህ ማጽናኛ ሲመረመር ያው የጸሐፊያችሁ ሚዛን ነው፤ ቀጠሮውን ብቻ ራቅ አደረገው።

እኔን ያቆየኝ ነቢዩ ኤርምያስ ነው። በመጽሐፉ በ25ኛው ምዕራፍ ላይ ለይሁዳ ሕዝብ 23 ዓመት ሙሉ እንደ ነገራቸውና እንዳልሰሙት ራሱ ቆጥሮ ይነግራቸዋል። (ነቢይም ዓመት ይቆጥራል! ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ቀላል መጽናኛ አይደለም።) በ36ኛው ምዕራፍ ደግሞ ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ የጻፈው ክርታስ በንጉሡ በኢዮአቄም ፊት ይነበባል። ንጉሡ በክረምት ቤቱ እሳት እየሞቀ፣ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በብርዕ መቁረጫ እየቀደደ ምድጃው ውስጥ ይጥለዋል። የዓመታት ድካም በአንድ ቀን ዐመድ ሆነ። ከዚያስ? ባሮክ ሌላ ክርታስ አንሥቶ እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈ፤ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ያን ሁለተኛ ክርታስ ሰምቶ ስንት ሰው እንደ ተመለሰ ምዕራፉ አይናገርም።

እርግጥ ነው፣ ያልተዉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ከተጣለበት የጭቃ ጉድጓድ አስወጥቶታል። ሕዝቡ ግን በመጨረሻ ነቢዩን ይዞት ወደ ግብፅ ወረደ፤ እዚያም ፊት ለፊት «አንሰማህም» አሉት። ስምንተኛው ዓመት ለኤርምያስ አልመጣም። ታዲያ ሳይጠራ የሄደ ሰው ነበር ልንል ነውን?

ጸሐፊው የመክሊቱን ምሳሌ መጥቀሳቸው ግን ተገቢ ነው፤ ልሸሸውም አልችልም። ጌታው መክሊቱን የቀበረውን ባሪያ ክፉኛ ገሥጾታል። የገሠጸው ግን ትርፉ ስላነሰ ሳይሆን ጭራሹን ስላልነገደ ነው፤ አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዜሮ የጻፈ አገልጋይ ሊጠየቅ የሚገባው «ተጠርተሃልን?» ሳይሆን «ቀብረኸዋልን?» ተብሎ ነው። ይኸኛው ጥያቄ ይከብዳል።

እኔ ቀብሬ አውቃለሁ። በ6ኛው ዓመት ላይ አዲስ ማዘጋጀቱን ትቼ ያረጀ ማስታወሻዬን ይዤ መግባት ጀመርሁ። ማን ይሰማኛል ብዬ። አንድ ሐሙስ እኒያ የሚያንቀላፉት ሽማግሌ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ወንድሜ፣ ይህን እኮ ባለፈው ዓመት ነግረኸናል። ያን ጊዜም ፈሪሳዊው ጋ ስትደርስ ሰዓት አለቀ ብለህ ተነሣህ» አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ማስታወሻውን ሳገላብጥ ግን ሳቁ ጠፋ። እውነትም የፈሪሳዊውና የቀራጩ ምሳሌ ፈሪሳዊው ላይ ቆሟል፤ ቀራጩ ጋ አልደረስሁም። ተኝተዋል ያልኋቸው ሰው ዓመት ሙሉ ቀሪውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ማታ ለዝግጅት ነው፤ ማንም እንግዳ ቢመጣ አልነሣም። የሽማግሌው ነገር ግን ከቅጹ ሦስት ረድፎች በአንዱም አይገባም።

አገልግሎትን መተው ሁሉ ክህደት ነው አላልሁም። ጉልበት ያልቃል፤ አጥቢያም ሰውን ወደ ሌላ ሥራ ትልካለች። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የዚህ ሩብ ዓመት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱን ረድፎች እንደ ወትሮው ሞልቻለሁ። 9 ዓመት ባዶውን ስመልሰው በኖርሁት የአስተያየት ቦታ ላይ ግን ዛሬ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ከ13 ሐሙሶች 12ቱን ተገኝቻለሁ፤ በአንዱ ታምሜ ቀርቻለሁ።»

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ