የቅዳሜው እንጦጦ ጉዞና የቅኝት ጨዋታችን

ውድ የቡድናችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ነን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ተገናኝተን ዳገቱን በእግር እንወጣለን። ጉልበቱን የሚያመው ካለ በታክሲ ይምጣና ላይ እንገናኝ። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ጫፉ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ።

መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን እንጦጦ ማርያምን እናያለን። አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ግን በጥድፊያ እንዳታልፉት። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ሣር ነው። ከስንቱ ትልቅ አዳራሽ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ይህ ቤት ነው።

ከዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ቡና ይፈላል፤ የጠበቅነው ጨዋታም ይጀመራል። እያንዳንዳችሁ አንድ ዘፈን በስልካችሁ ጭናችሁ ኑ። ሌሎቻችን ከአራቱ ቅኝቶች (የአገራችን ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች) ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ መሆኑን በጆሯችን እንለያለን። አንቺሆዬ ብዙዎቻችንን ያደናግራል፤ ስለዚህ ክራር የምትደረድረው እህታችን አራቱንም ቅኝቶች እየቃኘች ታሰማናለች። ክሮቹ ሲላሉና ሲጠብቁ ዜማው እንዴት እንደሚለወጥ ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ ስትሰሙ የአገራችን ቅኝት ከቫይብራፎኑ (በመምቻ ከሚመታው ባለ ብረት ሰሌዳ የሙዚቃ መሣሪያ) ውስጥ ጎልቶ ይሰማችኋል።

ዳቦና ቆሎ በጋራ ነው። የጾመኛውን ምግብ ለብቻ እናዘጋጃለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። የምትቀሩ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁን።